ሦስት የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤዎች
(በመርጡለ ማርያም ለማኅበራችን አባላትና እንግዶች የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ስለ ቁጠባ አልናገርም። ባለፈው ጥር መሳቢያዬን ሳጸዳ፣ ለሊቀመንበራችን ጽፌ ያልሰጠኋቸው ሦስት የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤዎች አገኘሁ። ጥቅምት 18፣ ኅዳር 17 እና ታኅሣሥ 15 የተጻፉ ናቸው። የሒሳብ ሠራተኛ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ቀኑ ላይ ነው፤ በመካከላቸው 29 እና 28 ቀን አለ። እያንዳንዱን በጻፍሁ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን የወር አበባዬ መጥቷል። በእነዚያ ቀኖች ከባለቤቴ ተጣልቻለሁ፣ ልጄ ላይ ጮኼአለሁ፤ አንዲት አባልም ብር ስትቆጥር ዘገየች ብዬ አስለቅሻታለሁ። እዚህ ተቀምጣለችና አሁንም ይቅርታ።

የወር አበባ ሲመጣ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ቆመን ስለምንሳለም ቀኑን መቁጠር እናውቅበታለን። ከመምጣቱ በፊት ያለውን ሳምንት ግን የሚቆጥረው የለም። «ነገረኛ ሆነች» ተብሎ ይታለፋል።

በዚያ ሳምንት የጡት መወጠር፣ የሆድ መነፋት፣ ራስ ምታትና መነጫነጭ ብዙ ሴት ታውቀዋለች። ብርቱው ዓይነት ግን ሌላ ነው። ቁጣው፣ ተስፋ መቁረጡ ወይም ጭንቀቱ ኑሮን ያናጋል፤ የወር አበባው በመጣ በጥቂት ቀን ውስጥ ደግሞ ለቆ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው የበሽታዎች ዝርዝር የራሱ ስም አለው። የፈረንጅ ቅንጦት የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ስለዚሁ ጉዳይ የተሠራ ጥናት ገና በ2003 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

የሚለየው በመዝገብ ነው። ትዝታ ያታልላል፤ ስለዚህ ሐኪሞች ቢያንስ ሁለት የወር አበባ ዙር በየዕለቱ እንዲጻፍ ይፈልጋሉ። ማታ ማታ፣ ደህና ከዋልሽ ክብ፣ ከከፋሽ አንድ ጭረት፣ በጣም ከከፋሽ ሁለት ጭረት። ደም ያየሽበት ቀን ላይ ነጥብ። ፊደል ያልቆጠረች እናትም ትችለዋለች።

ከዚያ ደሙ ካቆመ በኋላ ያለውን ሳምንት ተመልከቺ። የእኔ ክብ በክብ ነበር። የአንዲት ጓደኛችን ግን (ልንገር ብያት ፈቅዳልኛለች) ንጹሕ ሳምንት የለውም። ጭረቱ ወሩን ሙሉ ነው፤ የወር አበባዋ ሲቃረብ ሁለት ይሆናል። «የወር አበባዬ ነው» እያለች ሁለት ዓመት ችላዋለች። ሲመረመር በዚያ ሳምንት የሚብስ ድብርት ሆኖ ተገኘ፤ ሕክምና ጀምራለች። የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ሕመምም እንዲህ ያደክማሉ፤ ያለ ምርመራ አይለዩም።

ራሷን የማጥፋት ሐሳብ የመጣባት ግን መዝገብ አትጠብቅ። ዛሬውኑ ለሰው ትንገር፣ ሐኪም ዘንድ ትሂድ፤ እኛም ብቻዋን አንተዋት።

ብርቱው ዓይነት ሕክምና አለው። ለድብርት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ይረዳሉ፤ የሚያዝዘው ግን ሐኪም ነው እንጂ ጎረቤት አይደለም። እኔም ደብተሬን ይዤ ሄጃለሁ።

ደግሞ በደል ደርሶባት የተቆጣችን ሴት «ወር አበባሽ መጥቶ ነው» ብሎ ዝም ማሰኘት ሌላ በደል ነው። ከደብዳቤዎቼ በአንዱ የደመወዝ ጥያቄ ነበረበት። ደብዳቤውን ቀድጄዋለሁ፤ ጥያቄው ግን በሚቀጥለው ስብሰባ ይቀርባል።

ደብተሮቹ በሒሳብ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ስማችሁን አትጻፉባቸው።