የተጎዳ ዊግ በቤት ውስጥ ስለ መጠገን
(ለአባላትና ለደጋፊዎች በተዘጋጀው ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ርእሳችን ዊግ ነው ስንል ፈገግ ያላችሁ እናያለን። ዊግ የሠርግና የከተሜ ጌጥ ነው የሚል ብዙ ነው። ከመካከላችን ግን አጥብቀን በተሠራነው ሹሩባ ግንባራችን የሳሳብን አለን፤ በካንሰር ሕክምና ፀጉራችን የረገፈብንም አለን። አንዳንዱ የካንሰር መድኃኒት በተጀመረ በሁለት በሦስት ሳምንት ውስጥ ፀጉርን ያረግፋል። ሕክምናው ሲያበቃ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፤ እስኪያድግ ግን ወራት ይወስዳል። በአገራችን ደግሞ ራሷን የተላጨች ሴት ሐዘንተኛ ናት። የታመመችው እህታችን ከደብረ ማርቆስ ዓባይን ተሻግራ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ድረስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዝ፣ ሻሿ ሸርተት ባለ ቁጥር «ማን ሞተብሽ?» ትባላለች። ለእሷ ዊግ ከዚህ ጥያቄ ማረፊያ ነው። አዲስ መግዛት ግን ቁጠባዋን ይጨርስባታል፤ ስለዚህ ያለውን እንጠግናለን።

አስቀድሞ የፀጉሩን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። ከዊጉ የውስጥ በኩል ጥቂት ፀጉር ቆርጣችሁ፣ ከዊጉ ራቅ ብላችሁ በክብሪት አቃጥሉት። የሰው ፀጉር ከሆነ የተቃጠለ ላባ ይሸታል፣ በጣት ሲፈጩት ይበናል። ሰው ሠራሽ ከሆነ ይቀልጥና ጠጣር ጉብታ ይሆናል። ሰው ሠራሹን የፀጉር መተኮሻ ካገኘው አለቀለት፤ ሙቀት ይችላል ተብሎ የተጻፈበት ካልሆነ በቀር።

እኛ ዘንድ የሚመጣው አብዛኛው ዊግ የሚጎዳው በሁለት ቦታ ነው። አንዱ ማጅራቱ ላይ ነው። ከተማችን 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናትና ጋቢና ሹራብ ከትከሻችን አይወርድም፤ ሲፈትገው ይውላል፣ ፀጉሩም ይቋጠራል። ሌላው ግንባሩ ላይ ነው። እንጀራ ስንጋግር አክንባሎው ሲከፈት የሚወጣው እንፋሎት ሰው ሠራሹን ፀጉር ያኮማትረዋል። ሲጋገር ማውለቅ ነው፣ ሌላ መላ የለውም።

የተቋጠረውን ከጫፉ ጀምራችሁ፣ ጥርሱ ሰፋ ባለ ማበጠሪያ ወደ ላይ እየወጣችሁ ፍቱት። ከሥሩ የጀመረች ፀጉሩን ትነቅለዋለች። ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃና በጥቂት ሻምፑ እየነከራችሁ እጠቡት፤ እንደ ልብስ አትሹት፣ አትጭመቁት። በፎጣ ጫን ጫን አድርጋችሁ ውኃውን አስወጡና በተደፋ ጣሳ ላይ፣ ከፀሐይና ከምድጃ ርቆ ይድረቅ። አልፈታም ያለውን ሰው ሠራሽ ጫፍ ብቻ፣ ከእሳት ወርዶ ጥቂት በበረደ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ እያበጠራችሁ ቀጥ አድርጉት። ጥቅልል ፀጉር ከሆነ ግን ጥቅልሉ ይሄዳል፤ ባለቤቷን ሳትጠይቁ አታድርጉት። የኮማተረውን ግንባር በመቀስ ጫፉን መከርከም ይሻላል።

ፀጉሩ የተሰፋበት ጥብጣብ ከቆቡ ሲለቅ ብዙዎች ወደ ማጣበቂያ ይሮጣሉ። ማጣበቂያ ሲደርቅ ይጠጥርና ቆዳ ይፍቃል፤ መድኃኒት ላይ ላለች ሴት የራስ ቅል ቆዳ ደግሞ ንክኪም ሊያምመው ይችላል። በጠንካራ ጥቁር ክር ስፉት። መርፌው ጥብጣቡን መሐሉን አይውጋ፤ ያን የያዘውን ስፌት ከበሳችሁት ፀጉሩ መርገፍ ይጀምራል። ክሩ ጥብጣቡን ዙሪያውን እየጠመጠመ ከቆቡ ጋር ይያያዝ። ኳስ ላይ አጥልቆ መስፋት እጅ ያቀላል። ለታማሚዋ ከውስጥ በኩል ካረጀ ነጠላ የተቆረጠ ለስላሳ ጨርቅ ገበር አድርጉላት፤ ላስቲኩም አይጥበቅ።

ቅቤ ለራሳችን ነው እንጂ ለዊግ አይሆንም። ሰው ሠራሽ ፀጉር አይጠጣውም፤ አቧራና ጭስ ሲሰበስብበት ይኖራል።

ዊግ እንደ ነጠላ አንዷ ለሌላዋ የምታውሰው ነገር አይደለም። ጭርት በማበጠሪያም በባርኔጣም ይተላለፋል። መዋዋስ ግድ ከሆነ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ ይሁን። ማበጠሪያውም ለየብቻ።

ደጋፊዎቻችን ዊግ ስትልኩልን ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ ቢሆን እንመርጣለን፤ እህታችን የምትፈልገው ሰው ዞሮ እንዳያያት ነው፣ ወርቃማው ግን ከሩቅ ያስጠራል። ጠማማ መርፌም ብትጨምሩበት ደስ ይለናል። የተቀደዱትንም አትጣሉ፤ ጥብጣባቸው ለሌላው መጠገኛ ይሆነናል።