ደሙ ሲያስጮኸን

ዓርብ ረፋዱ ላይ የማሃኔ ይሁዳ ገበያ ምን እንደሚመስል የኢየሩሳሌም ሰው ያውቀዋል። ሰንበት ሳይገባ ሁሉም ይሸምታል፤ ዓሣ ሻጩ የቀለጠ በረዶውን ይደፋል፤ ወለሉ ይረጥባል፤ ጋሪ በሰው መሀል ይሽሎከሎካል። አንዲት እናት አዳልጧቸው ወደቁ እንበል። ግንባራቸው ተፈነከተ፤ ነጠላቸው በደም ራሰ። ገበያተኛው ይጮኻል። አንዱ ውሃ ይላል፤ ሌላው ፎጣ። ከእኛ ከኢትዮጵያውያን መሀል ደግሞ «ቡና ነስንሱበት» የሚል አይጠፋም።

ራስና ፊት ሲጎዳ የሚያስጮኸንና የሚገድለን ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው።

የራስ ቆዳ ደም ሥሮች በጠንካራ ጅማታማ ሥጋ ተወጥረው የተያዙ ናቸው። ክንድ ላይ የተቆረጠ ደም ሥር ይኮማተራል፤ የራስ ቆዳው ግን አፉ እንደተከፈተ ይቀራል። ትንሿ ቁስል ያን ያህል የምትደማው ለዚህ ነው። ዘዴው ንጹሕ ጨርቅ አድርጎ፣ ቶሎ ቶሎ እያነሡ ሳያዩ፣ አሥር ደቂቃ ያህል መጫን ነው። አጥንቱ የሰረጎደ ከመሰላችሁ ግን በላዩ አትጫኑ፤ ጨርቁን በስሱ ሸፍኑበት። ቡናው ለስኒ ይቆይ፤ ቁስሉን ከማቆሸሽ በቀር ፋይዳ የለውም።

የምፈራው ሌላውን ነው። ከዓይን ጠርዝ ወደ ጆሮ ሲሄዱ ጣት የምታርፍባት ጎድጓዳ ቦታ አለች። የራስ ቅል እዚያ ይሳሳል፤ ከአጥንቱ ሥር ደግሞ ወደ አንጎል ሽፋን የሚሄድ የደም ቧንቧ ያልፋል። እዚያ የተመታ ሰው ራሱን ስቶ ሊነቃ፣ «ደህና ነኝ» ብሎም ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል። ደሙ ግን በአጥንቱና በሽፋኑ መካከል እየተጠራቀመ አንጎሉን ይጫናል። ከሰዓታት በኋላ ራስ ምታቱ ይብሳል፤ ያስታውካል፤ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ የአንድ ዓይኑ ብሌን ከሌላው ይሰፋል። በውጭ አንዲት ጠብታ ደም ላይታይ ይችላል። ከአፍንጫ ወይም ከጆሮ የሚወርድ ንጹሕ ውሃ የመሰለ ፈሳሽም እንዲሁ አስፈሪ ነው፤ የራስ ቅል ወለል ተሰንጥቆ የአንጎል ውሃ እየወጣ ሊሆን ይችላል። አትድፈኑት፤ በሽተኛውም አይናፈጥ።

በአገር ቤት ይህን ጉዳት ከመኪና አደጋ ሌላ ዱላና ድንጋይም ያመጡታል። ይህን የሚያክሙ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ የኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲም አግዟል። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ፣ በእኔ ግምት፣ እጅግ የዘገየ ነው።

አሁን ወደ ፊት ጉዳት እንምጣ። ሬኔ ለ ፎር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም የአስከሬን ጭንቅላቶችን በዱላ እየመታ አጥንቱ በየት በኩል እንደሚሰበር መረመረ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1901 አሳተመ፤ የመካከለኛው ፊት ስብራት በዘፈቀደ ሳይሆን በሦስት የታወቁ መስመሮች እንደሚሄድ አሳየ። ሐኪሞች ስብራቶቹን ዛሬም በስሙ ይጠሯቸዋል። እኛ ግን ሲቲ ስካን አያስፈልገንም፤ «ጥርስዎ እንደ ድሮው ይገጥማል?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ብዙ ያስታውቃል። ካልገጠመ መንጋጋ ተሰብሮ ይሆናል። የታችኛው መንጋጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለት ቦታ ይሰበራል፤ አገጩ የተመታ ሰው ጆሮው ሥር ሊያመው ይችላል። የዓይን ጉድጓድ ወለል እንደ ወረቀት የሳሳ ነው፤ ወደ ላይ ሲያይ ነገር ሁለት የሚሆንበትና ጉንጩ የደነዘዘ ሰው «አበጠ እንጂ ምንም አልሆነ» ተብሎ አይታለፍ። የአዋቂ ጥርስ ሙሉ በሙሉ ከወለቀ ሥሩን ሳትነኩ በላዩ በኩል ያዙት፤ ከገበያው ወተት ግዙና ውስጡ አስቀምጡት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሐኪም ዘንድ ከደረሰ የመትረፍ ዕድሉ ጥሩ ነው።

ገበያውን ካነሳን፣ ሐምሌ 30 ቀን 1997 እ.ኤ.አ. ሁለት አጥፍቶ ጠፊዎች እዚሁ ፈንድተው 16 ሰው ገድለዋል። በዚያ ዘመን ከፍንዳታ የተረፈ ሰው የጆሮ ታምቡሩ ከተቀደደ ሳንባውም ተጎድቶ ይሆናል ተብሎ ይፈራ ነበር። የእስራኤል ሐኪሞች ቀደም ባሉ 11 ፍንዳታዎች የተጎዱ 647 ሰዎችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1999 አሳተሙ፤ የጆሮ ታምቡራቸው ብቻ ከተቀደደው መካከል በኋላ የሳንባ ጉዳት የታየበት አልነበረም። እዚህም ጎልቶ የታየው ጉዳት የገዳዩ ምልክት አልሆነም።

በመጨረሻ የማነሳው የአረጋውያኑን ነገር ነው። ወደ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው በኢትዮጵያ ጎዳና የሚመላለሱ ብዙ እናቶችና አባቶች አሉን። በዕድሜ አንጎል ትንሽ ይሸበሸባል፤ በሽፋኑና በአንጎሉ መካከል ያሉ ቀጫጭን ደም ሥሮች ይወጠራሉ፤ ቀላል ምት ይበጥሳቸዋል። ደሙ ቀስ እያለ ተጠራቅሞ ከሳምንታት በኋላ መርሳት ወይም እግር መጎተት ሆኖ ሊመጣ ይችላል። እኛም «እርጅና ነው» እንላለን። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አደጋው ይብሳል። እባካችሁ፣ እማማ ወይም አባባ ራሳቸውን ተመትተው ከወደቁ፣ ደም ባይታይም፣ ወደ ማዳ አምቡላንስ በ101 ደውሉ፤ የሚወስዱትንም መድኃኒት ከነካርቶኑ ይዛችሁ ሂዱ።