ዕቃው መድን አለው፤ ባለሙያውስ?

(በጉለሌ ለማኅበሩ አባሎች የተደረገ ንግግር)



በዕቃ ማስተላለፍና በመርከብ ውክልና ሥራ የተሠማራን ሰዎች ጉዳት ሲደርስ «ዕቃው ኢንሹራንስ አለው» እያልን እንጽናናለን። ይህ መጽናኛ ግን የዕቃው ባለቤት እንጂ የእኛ አይደለም። ዛሬ ላስረዳ የፈለግሁትም ይህንኑ ነው።

ምሳሌውን ከዚሁ ከጉለሌ እንውሰድ። አንድ የሽሮ ሜዳ ነጋዴ ለሸማኔዎች የሚሸጠውን ክር ከባሕር ማዶ አስመጣ እንበል። ዕቃው በጅቡቲ በኩል አልፎ ሞጆ ደረቅ ወደብ ደረሰ። የአስተላላፊው ሠራተኛ ለፍተሻ የተከፈተው ኮንቴይነር በሚገባ መዘጋቱን ሳያረጋግጥ ሄደ፤ ሌሊቱን ዝናብ ገብቶ ክሩ ተበላሸ። ነጋዴው በውሉ መሠረት ካሣውን ከመድን ድርጅቱ ተቀበለ።

ነገሩ በዚህ ያበቃል ማለት ግን አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ በቁጥር 683 እንዳሰፈረው፣ ካሣ የከፈለ መድን ሰጪ በከፈለው ገንዘብ መጠን በተጎጂው ቦታ ተተክቶ ጉዳት አድራሹን ሊጠይቅ ይችላል፤ በባሕር መድንም ዘንድ መርሑ ያው ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በቁጥር 2031 ማንም ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያዛል። እንግዲህ የተለወጠው ጠያቂው ብቻ ነው፤ ዕዳው አልተሰረዘም። ከደንበኛ ጋር በሽማግሌ ሊያልቅ ይችል የነበረውም ጉዳይ ጠበቃና መዝገብ ባለው ድርጅት እጅ ገብቷል።

ለዚህ የሚበጀው በራስ ስም የሚገባ የሙያ ኃላፊነት ኢንሹራንስ ነው። ውሉን ስትፈርሙ ሦስት ነገሮችን መርምሩ። አንደኛ፣ ከሽፋኑ ውጭ የተደረገውን እወቁ፤ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጥፋት አይሸፈንም፤ ዋናው የመርከብ ጭነት ሰነድ ሳይቀርብ ዕቃ ማስረከብም ብዙ ጊዜ ከሽፋን ውጭ ነው። ሁለተኛ፣ ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ውሎች የሚያገለግሉት የካሣ ጥያቄው በቀረበበት ጊዜ ጸንተው ከተገኙ ነው፤ ስለዚህ ሥራው አለቀ ብሎ ውሉን ማቋረጥ ያለፈውን ሥራ ያለ ከለላ ያስቀራል። ሦስተኛ፣ ከጉዳቱ ባለሙያው ራሱ የሚሸከመው ድርሻ ስንት እንደሆነ አስቀድማችሁ አስሉ።

ጉዳት በታየ ጊዜ ለመድን ሰጪው ወዲያው በጽሑፍ አስታውቁ፤ ሳታማክሩትም ኃላፊነት አትቀበሉ። በ1924 እ.ኤ.አ. በብራስልስ የተፈረመው የመርከብ ጭነት ሰነድ ስምምነት በውጭ ለማይታይ ጉዳት የማስታወቂያ ጊዜውን ሦስት ቀን፣ የክስ ጊዜውን አንድ ዓመት ብቻ አድርጎታል። የባሕር ንግድ ለዘገየ ሰው አይራራም። አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» ያሉት ለእኛም ሥራ ይሠራል።

ክቡራን አባሎች፤ ኢንሹራንስ የጥንቃቄ ምትክ አይደለም። ኮንቴይነሩ መዘጋቱን የሚያይ ዓይን፣ የተረከበውን በቀንና በሰዓት የሚመዘግብ እጅ ዛሬም ቀዳሚው መድን ነው። ይሁን እንጂ ጠንቃቃም ሰው ይሳሳታል፤ በአንዲት ሌሊት ዝናብ የብዙ ዓመት ድካሙ እንዳይወሰድበት የራሱን ከለላ አስቀድሞ ያብጅ።