የዝምታ ትርጉም፦ ባሕር ማዶ ከዘመተ የትዳር ጓደኛ ጋር ስለ መገናኘት
(በማኅበሩ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



መሐንዲስ ስለ አንድ የመገናኛ መስመር ሲጠየቅ አስቀድሞ የሚያስበው የመልእክቱን ፍጥነትና የመስመሩን የመሸከም አቅም ነው። ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ግን መስመሩ ዝም ሲል የሚሆነውን ነው። ለዚህም ባሕር ማዶ በዘመተ ወታደርና አገር ቤት በቀረች ሚስቱ፣ ወይም በዘመተች ወታደርና በቀረ ባሏ መካከል ካለው ግንኙነት የበለጠ ምሳሌ አላገኘሁም።

ጉዳዩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጦር በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተነሥቶ ኮሪያ፣ ፑሳን ወደብ የደረሰው ሦስት ሳምንት ያህል ተጉዞ ነው። በዚያ ጦርነት 121 ኢትዮጵያውያን ሲወድቁ 536 ቆስለዋል። ይህን ያህል በሚያርቅ መንገድ ላይ የደብዳቤ መዘግየት በርቀቱ ሊሳበብ ይችል ነበር፤ ዝምታው ቢያስጨንቅም ብቻውን መርዶ አልነበረም።

መሐንዲሶች ይህን ርቀት ለማሳጠር ብዙ ደክመዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካኖች ከ1942 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. «ቪ-ሜይል» በተባለው አሠራር ደብዳቤዎችን በማይክሮፊልም አንሥተው ፊልሙን በመላክ፣ በመድረሻው አገር መልሰው በወረቀት ያትሙ ነበር። 37 ከረጢት የሚሞላና 1,168 ኪሎ ግራም የሚመዝን 150,000 ደብዳቤ በዚህ ዘዴ 20 ኪሎ ግራም ያህል በሚመዝን አንድ ከረጢት ይጠቃለል ነበር። በቬትናም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ከጦር ሰፈሩ በአጭር ሞገድ የሚላከውን ድምፅ አሜሪካ ያሉ አማተር የሬዲዮ ሰዎች ተቀብለው ከቤት ስልክ ጋር ያገናኙት ነበር። በአንድ ጊዜ መናገር የሚችለው አንድ ወገን ብቻ ስለ ነበረ፣ ባል ለሚስቱ «ናፍቀሽኛል» ካለ በኋላ «ኦቨር» ማለት ነበረበት፤ መስመሩን የሚያቀያይረው ሰውም ሁሉን ይሰማ ነበር።

ዛሬ በሳተላይትና በኢንተርኔት መልክ ለመልክ እየተያዩ መነጋገር ተችሏል። ሆኖም ፍጥነቱ ራሱ አዲስ ጭንቀት ወልዷል። በየቀኑ ድምፅ መስማት የለመደ ቤት የአንድ ቀን ዝምታ ያሸብረዋል። በተለይም በአሜሪካ ጦር ውስጥ ወታደር ሲሞት ወይም ክፉኛ ሲቆስል፣ ለቤተሰቡ በይፋ እስኪነገር ድረስ የሰፈሩ የግል መገናኛ እንዲቋረጥ ይደረጋል። ማንም ሰው የባሉን ወይም የሚስቱን መርዶ ከአሉባልታ እንዳይሰማ የተደነገገ ስለሆነ ሥርዓቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን አንዱን ቤት ለመጠበቅ የተዘጋው መስመር የሌሎቹን ቤቶች ሁሉ ዓይን በር ላይ ይተክላል። በቋንቋችን ለዘገየ ወዳጅ «ምነው ጠፋህ?» ማለት ተራ ሰላምታ ነው፤ ለዘማች ቤተሰብ ግን «ጠፋ» የሚለው ቃል እንዲህ ቀላል አይደለም።

እንግዲህ መፍትሔው የበለጠ ፍጥነት ሳይሆን አስቀድሞ የተደረገ ስምምነት ይመስለኛል። በሁለት መሣሪያዎች መካከል ግንኙነት ከመጀመሩ በፊት ደንብ እንደምናበጅ ሁሉ፣ ባልና ሚስትም ከመለያየታቸው በፊት ዝምታን ምን ብለው እንደሚተረጕሙት ይነጋገሩ። «ድምፄ ሲጠፋ ሥራ ላይ ነኝ ማለት ነው፤ ክፉ ነገር ቢመጣ የሚነግርሽ ባለሥልጣን ነው» ተብሎ የተነገረ ቃል ብዙ ሌሊት ያስተኛል። ደብዳቤዎች ቀንና ተራ ቍጥር ቢኖራቸው ሦስተኛው ከአምስተኛው በኋላ ቢደርስ እንኳ ነገሩ አይዛባም። ስለ ቦታና ስለ ጕዞ አለመጻፍም ከጥንቃቄው አንዱ ነው። ቤት ውስጥ ሞት ወይም ከባድ ሕመም ቢደርስ፣ የአሜሪካ ቀይ መስቀል ጉዳዩን አጣርቶ ለወታደሩ አዛዥ የሚያስተላልፍበት መንገድ ስላለ ቤተሰቡ አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

በመጨረሻም የወላጆቻችንን የደብዳቤ አጻጻፍ ላስታውሳችሁ። «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» ብሎ መጀመርን ብዙዎቻችን እንደ ልማድ ብቻ እንቆጥረዋለን። በእኔ አስተያየት ግን ተቀባዩ ከሁሉ በፊት ሊያውቀው የሚሻው ነገር በመጀመሪያው መሥመር ላይ ስለ ተቀመጠ ትክክለኛ የመገናኛ ደንብ ነው። መስመሮችን የምንዘረጋ እኛም በሁለቱ ጫፍ ያሉት ሰዎች ምን እንደሚጠብቁ ጠይቀን ብንነሣ ሥራችን የተሟላ ይሆናል።