በአዋሽ ዳር ስላለው እሾሃም ዛፍ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዋሽ ከጊንጪ አጠገብ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፣ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ስለዚህ በዳርቻው የምናደርሰው ጉዳት ሁሉ እዚያው ይቀራል።

ዘንድሮ ክፍላችን ለባዮሎጂ ጥናት ከአዋሽ ከተማ እስከ ሰመራ በሄደ ጊዜ ይህን በዓይናችን አየን። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ለጥላና ለነፋስ መከላከያ ተብሎ የተተከለው ፕሮሶፒስ የሚባል ዛፍ የግጦሹን ሣር አጥፍቶ፣ ከብት ወደ ወንዙ የሚወርድበትን መንገድ ዘግቶታል። አፋሮች «ደርጊ ሃራ»፣ ማለት የደርግ ዛፍ፣ ይሉታል።

ከብቶች ጣፋጭ ፍሬውን ሲበሉ ዘሩ ከእበታቸው ጋር ወጥቶ በሄዱበት ሁሉ ይበቅላል። ለከሰል ቢቆርጡትም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። እኛ ሦስት ሆነን አንድ ጉቶ ከሥሩ ቆፍረን እስክናወጣ ድረስ ረፋዱ አለቀ። ፍሬው ግን ተሰብስቦ ቢፈጭ መኖ ይሆናል፤ የተፈጨ ዘርም አይበቅልም።

ወገኖቼ፤ ዛፉን የተከሉት ሰዎች በጎ አስበው ነበር። ነገ እኛም ለበዓሉ መታሰቢያ ችግኝ እንተክላለን። እንግዲህ ጉድጓድ ከመቆፈራችን በፊት የችግኙን ጠባይ እንወቅ፤ በመሬቱ የሚኖረውንም ሰው እንጠይቅ።