ለልጅ የተገዛው ሽሮፕ ለድመት?

(የመግቢያ ሙዚቃ ዝቅ ይላል)

በድሬዳዋ ከገንደ ቆሬ እስከ ሳቢያን የደቻቱ አሸዋ በነፋስ ሲነሳ የሚያስለው ሰው ብቻ አይደለም፤ ውሻና ድመትም ያስላሉ። ታዲያ ለልጅ የተገዛውን የሳል ሽሮፕ ለእነሱም ጠብ ማድረግ ይቻላል?

አክታ የሚያቀጥኑት እነ ብሮምሄክሲን በእንስሳት ሕክምናም ይታዘዛሉ። አደጋው አብሯቸው የሚቀመመው ነው። ብዙ የጉንፋን ሽሮፕ ፓራሲታሞል አለበት፤ የድመት ጉበት ደግሞ እሱን በቅጡ ማስወገድ አይችልም። ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፤ ድዷ ወደ ቡናማ ይለወጣል፣ ፊቷ ያብጣል፣ ልትሞትም ትችላለች። የሚገርመው፣ የዚህ መርዝ ማርከሻ ራሱ አክታ አቅጣኝ ነው፤ አሴቲልሲስቲን ይባላል። የሚሰጠው ግን ሐኪም ነው።

ውሻን በተመለከተ፣ በአንዳንድ ስኳር አልባ ሽሮፖች ውስጥ ያለው ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ የደም ስኳሩን በድንገት ያወርደዋል።

ደግሞስ ሳሉ የአክታ መሆኑን ማን አረጋገጠ? በሸመገለ ውሻ የልብ ሕመም፣ በድመት አስም ሊሆን ይችላል። ሐኪም ጋ እስክትደርሱ ንጹሕ ውሃ አቅርቡላቸው፤ ውሃ ሲያንስ አክታ ይወፍራል። ከከሰልና ከዕጣን ጭስም አርቋቸው። አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ድመት ካያችሁ ግን አታሳድሯት።

(ሙዚቃ ከፍ ይላል)