አንድ ፊደልና አንድ የይለፍ ቃል
(በኮምፒዩተር ክፍል ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በጃቫ ያዘጋጀነው የተጠፋፉ ዘመዶች መፈለጊያ አገልግሎት ሦስት ቀን ሙሉ አልነሳም ብሎን ነበር። ጥፋቱ የተገኘው ዌብ ዶት ኤክስኤምኤል በተባለው ማዋቀሪያ ፋይል ነው። እዚያ ላይ የሰርቭሌቱ ስም አንዴ ከጃቫ ክላሱ፣ አንዴ ከአድራሻው ጋር ይጻፋል፤ ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ቶምካት አገልግሎቱን አያስነሳም። እኛ አንዱን በትልቁ፣ ሌላውን በትንሹ የእንግሊዝኛ ፊደል ጀምረነው ኖሯል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ዓይናችን አልፎታል።

የከፋው ግን የመረጃ ቋቱን የይለፍ ቃል እዚያው ፋይል ላይ ጽፈን በፍላሽ ማባዛታችን ነው። በቋቱ ያለው የእናንተ ስምና የመጣችሁበት ቀበሌ ነው። ይቅርታ እንጠይቃለን። ቃሉን ለውጠናል፤ ከፋይሉም አውጥተነዋል። ፍላሹ በእጁ ያለ ወገን እባክዎን ወደ ክፍላችን ያምጣልን።